የታፈነ አፍንጫና አርባ አንድ ተሳፋሪ

ጥቅምት 9

ለእኅቴ ልጅ፣ ለድንቡሼ፤

ይህች ወረቀት ጤናሽ ተሟልቶ፣ ሆድሽ ጠግቦ፣ ጫማሽም ደርቆ ታግኝሽ። ጫማውን የጨመርኩት ያለ ነገር አይደለም። በሰው አገር ቀኑን ሙሉ ውሃ መካከል ቆመሽ የከተማ ባቡር እንደምታጥቢ ከጻፍሽልን ወዲህ እትዬሽ ስለ እግርሽ ካልሆነ ስለ ሌላ አታወራም። የስፌት ማሽኗን እየረገጠች «የዚያች ልጅ እግር» ትላለች፤ ጨርቅ እየቆረጠች «የዚያች ልጅ እግር» ትላለች። እኔስ እግር የለኝም ወይ ብላት፣ «ያንተማ ተቀምጦ ይውላል» አለችኝ።

ሥራው ያው የተራራው መስመር አውቶቡስ ነው። አንድ ቀን መውጣት፣ አንድ ቀን መውረድ። መሪ ከያዝኩ ዘንድሮ ሃያ ሰባት ዓመት ሞላኝ፤ እስካሁን የሰው ጥፍር አልሰበርኩም። ተሳፋሪዎቹ አሁንም «ጋሼ ዝግታ» ነው የሚሉኝ። ሜዳው ላይ ስድብ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ምስጋና ይሆናል።

አፍንጫዬን ከጠየቅሽኝ እንደተዘጋ ነው፤ አራተኛ ዓመቱን ያዘ። ጉንጬና ግንባሬ ውስጥ ሰው አሸዋ የሞላበት ይመስለኛል። ሽታ የሚባል ነገር ረስቻለሁ። ባለፈው ሳምንት እትዬሽ ወተት ጥዳ ወጣ ብትል፣ ወተቱ አርሮ፣ ድስቱ ከስሎ፣ ጎረቤት በር እስኪደበድብ ድረስ እኔ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ጋዜጣ አነባለሁ። ደረቴም አንዳንዴ ያፏጫል። ለአፍንጫዬ አንድ ሐኪም አለኝ፣ ለደረቴ ሌላ፣ ለራስ ምታቴ ደግሞ መነጽር ያዘዘልኝ ሦስተኛ። ሦስቱም ጎበዞች ናቸው፤ አንዱ ስለ ሌላው ግን አያውቅም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያኔ በሰው እጅ የላክሽልኝ የራስ ምታት ክኒን እንደገና ቢገኝ? አንዷን ስውጥ ግንባሬ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ተነስቶ ይሄድልኛል።

የአሽከርካሪነቱ ፈተናስ? ተመዘገብሽ ወይስ ልብሽ ፈራ?

ፈጣሪ ከፊትም ከኋላም ይሁንሽ።
አጎትሽ

—

ኅዳር 6

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ካለሁበት ሆኜ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ጉልበትዎን፣ ከዚያም መርፌ ያልጠገቡትን የእትዬን ጣቶች እስማለሁ። ጫማዬ ደርቋል ብለው ይንገሩልኝ፤ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ቦቲ ሰጥተውናል።

ተመዘገብኩ! ከእኛ ከአጣቢዎቹ የተመዘገብነው ሁለት ብቻ ነን። ፈተናው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። የጽሑፍ አለ፣ የጤና ቅጽ አለ፣ በመጨረሻ መሪ ክፍሉ ውስጥ አስገብተው ያዩናል። ስመዘገብ ጸሐፊዋ «በቤተሰብሽ ውስጥ ሹፌር አለ?» አለችኝ፤ «አለ እንጂ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ጥፍር ያልሰበረ» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት።

አንድ ነገር ያስተምሩኝ። እዚህ ዝናብ ሲዘንብ ሐዲዱ እንደ ሳሙና ያዳልጣል ይላሉ። እርስዎ በዝናብ ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን እንዴት ነው የሚይዙት?

ክኒኑን አብራኝ የምትሠራ ሴት ወደዚያ ስለምትመጣ ሁለት ፓኬት ልኬያለሁ። የኔም አፍንጫ የእርስዎን የወረሰ መሰለኝ። ክፍል የምትጋራኝ ልጅ «ተኝተሽ ሞተር ታስነሻለሽ» ትለኛለች። ጠዋት ስነሳ ያልተኛሁ ያህል ይደክመኛል። የቤተሰባችን አፍንጫ እንዲህ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ጤናዎን ለኔ ሲሉ ይጠብቁልኝ።
ድንቡሼ

—

ታኅሣሥ 18

ለባለ ቦቲዋ ልጄ፤

ሰላምታዬ ከእትዬሽ መሳሳም ጋር ይድረስሽ። ክኒኑ ደርሷል፤ ያመጣችልን ሴት እንደ እኅት የምትታይ ሰው ናት፤ ጉንጭሽ እንዳልቀነሰ ምላ ነገረችን።

ስለ ፍሬን። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነትሽን ጨርሰሽ አውርጂ። ከዚያ ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ። ረግጠሽ ከቆየሽ ይግላል፤ ሲግል እንቢ ይላል። የባቡሩን ጠባይ አላውቅም፤ አስተማሪዎችሽ የሚሉሽን ከኔ አስበልጠሽ ስሚ። ግን አንድ ነገር አይለይም፦ ከኋላሽ የተቀመጠው ሰው ቆመሽም ሆነ ሄደሽ አንገቱ ወዲያ ወዲህ ማለት የለበትም። ሕፃን ያቀፈች እናት ከነሕፃኗ እንቅልፍ ከወሰዳት በደንብ ነድተሻል ማለት ነው።

ብርዱ ነው መሰለኝ ደረቴ በዚህ ወር ደጋግሞ ጠበቀኝ። የደረት መርጫዬን ስስብ ይለቀኛል። እትዬሽ አንድ አዲስ ነገር ጀምራለች። ወጥ ቤት የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ በሰማያዊና በቀይ እርሳስ ትነጥበዋለች። ምንድን ነው ብላት «የደንበኛ ልኬት ነው» አለችኝ። ነጥብ ብቻ የሆነ ልኬት አይቼ አላውቅም፤ ግን መቀስ ከያዘች ሴት ጋር አልከራከርም።

ክኒኑ እያለቀ ነው። ከቻልሽ ጨምሪልኝ።
አጎትሽ

—

ጥር 20

ለጋሼ፤

ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ሰላም ይሁኑ። እኔ ደህና ነኝ። ትናንት አንድ አዛውንት አሽከርካሪ ባቡሮቹ የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ባዶ ባቡር አስነድቶኝ ነበር። «ነካ ለቀቅ» እያልኩ በእኛ ቋንቋ ለራሴ ሳወራ ሰምቶ ምን እያልሽ ነው አለኝ። ስተረጉምለት «አጎትሽን ይቅጠሩልን» አለ።

ሦስት ፓኬት ክኒን በዚህ ሳምንት በፖስታ ቤት በኩል ይመጣልዎታል። የደረትዎ ነገር ግን አላማረኝም፤ የደረቱን ሐኪም በቶሎ እንዲያዩ እለምናለሁ።

ለእትዬ፦ ልኬቱ የማን ነው?
ድንቡሼ

—

መጋቢት 4

ለልጄ ለድንቡሼ፤

ሰላምሽ ይብዛ። በመልስ ዘገየሁብሽ፤ አትቀየሚኝ። እኔ ደህና ነኝ። እትዬሽም ደህና ናት። መንገዱም ደህና ነው። እትዬሽ ሰሞኑን ሾርባው ላይ ጨው ታበዛለች፤ ትናንት ምሳ ላይ ነገርኳት፣ ከትናንት ወዲያም ምሳ ላይ ነገርኳት፣ ዛሬም ያው ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ክኒን ከእንግዲህ አትላኪ፤ የበዛ አለኝ። አንቺ ትምህርትሽን ብቻ ያዢ። በኛ በኩል አታስቢ፤ ደህና ነን።
አጎትሽ

—

መጋቢት 25

ለጋሼ፤

ሰላምታዬ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ዛሬ ግን አላስረዝመውም።

ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ገጽ አይሞላም፤ «ደህና» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ አለበት። እርስዎ ደህና ሲሆኑ «ደህና ነኝ» አይሉም፤ በእትዬ ላይ ቀልድ ይቀልዳሉ።

ደግሞስ የተራራው መስመር ሹፌር በተከታታይ ሦስት ቀን ምሳውን ቤቱ የሚበላው ከመቼ ወዲህ ነው? እኔ እርስዎ ቤት ዘጠኝ ዓመት አድጌያለሁ። በዘጠኙ ዓመት የሥራ ቀን ምሳ አንድም ቀን አብረውን ቀርበው አያውቁም። እትዬ ሳህንዎን ከድና ታስቀምጥ ነበር።

ክኒኑን ጥቅምት ላይ ይለምኑኝ ነበር፤ አሁን አትላኪ አሉኝ። አንድ ነገር ሆኗል። ወሽመጤን ቆርጠውታል። ሳይነግሩኝ ፈተና ብቀመጥ የሚነበበው ወረቀት ሳይሆን የእርስዎ ፊት ነው የሚታየኝ። እባክዎን እውነቱን ይጻፉልኝ፤ ልጅ አይደለሁም።
ድንቡሼ

—

ሚያዝያ 9

ልጄ፤

ያዝሽኝ። እትዬሽ ደብዳቤሽን ሰምታ «አንተን በሾርባ የያዘች ልጅ ባቡር አያቅታትም» አለች። እንግዲህ ልንገርሽ፤ አንብበሽ ሳትጨርሺ አትቆጪ።

ጥር 23 ቀን ነው። አርባ አንድ ተሳፋሪ ይዤ ከላይ እየወረድኩ ነበር። ምሳ የቆምንበት ቦታ ራሴን ስላመመኝ አንድ ክኒን ውጫለሁ። ከተነሳን አንድ ሰዓት አይሞላም፤ መጀመሪያ አፍንጫዬ እንደ ቧንቧ ወረደ፤ ፊቴ ጋለ፤ ከዚያ ደረቴን ሰው በገመድ ጠፍሮ የሚስበው መሰለኝ። አየሩ ይገባል፤ አልወጣ ይላል። ከፊቴ ያ የምታውቂው ባለ አራት መታጠፊያ ቁልቁለት አለ።

«ይህችን መታጠፊያ ብቻ ልለፋት» አልኩ ለራሴ። ወዲያው ደግሞ «አይሆንም፣ አሁኑኑ» አልኩ። ዳር ያዝኩ። አቆምኩ። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ በሩን ከፈትኩ። ትኬት ቆራጯን «ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጊ፣ ሰዉን አውርጂ» አልኳት። ድምፄ አልወጣ ብሎ ኖሮ በእጄ ደገምኩላት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ መርጫዬን ሳብኩ፣ ደግሜ ሳብኩ።

ሰዉ ጮኸብኝ። አንድ ጎልማሳ «ቁልፉን ስጠኝ፣ መንጃ ፈቃድ አለኝ» አለ። ጨብጬ ያዝኩት። «ሰውዬው ሊገድለን ነው ወይስ ሊያሳድረን?» አለ ሌላው። አንዲት ተማሪ ፈተና ሊያመልጣት ነውና አለቀሰች፤ እሷ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ትኬት ቆራጯ የጭነት መኪና አስቁማ አሳፈረችኝ። ቁልፉን ለእሷ ሰጥቼ «ሌላ ሹፌር እስኪመጣ ለማንም እንዳትሰጪ» አልኳት። አራት ሰዓት ሙሉ ሲሰድቧትም ሲያባብሏትም ቆይተው አልሰጠችም። እንዲህ ያለች ሰው ናት። እኔን ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ላይ አደረጉኝ፤ ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ስምሪት ቢሮ ገባሁ።

«ማንም አልተጎዳም እኮ» አለኝ ኃላፊው። «ሞተር ጋለ ብዬ እጽፋለሁ። ሳምንት ታርፍና ትመለሳለህ።» ለኔ አዝኖ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አልኩት። «የታመምኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

«እንደዚያ ከጻፍኩ ሐኪም ካልፈቀደልህ መሪ አትነካም። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል። ሌላም ጻፍ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ዓይኔ ይከደንብኛል። አንድ ቀን ጎማው ጠጠር ሲነካ ነው የባነንኩት። ማንም አላየም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለምን ትነግረኛለህ?» አለኝ።

«አንተ ስለምታሰማራኝ» አልኩት።

እኔ ጋ የሚቀመጠውን ሁለተኛ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። አሁን የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ብሎንና ጎማ አስረክባለሁ። በመጀመሪያው ቀን በመስኮት ሳይ አውቶቡሴን ሌላ ሰው ሲያስወጣት አየሁና የምቆጥረው ብሎን ተምታታብኝ። ምሳዬን ቤት የምበላው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ እትዬሽ ልንገርሽ፤ ከዚህ ሁሉ የሚደነቀው የእሷ ነው። ጤና ጣቢያው ወደ አንዲት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም መራኝ። እትዬሽ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ ነቅላ፣ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛ ተከተለችኝ።

«የታመመው ማን ነው?» አለች ሐኪሟ።

«የታመመው እሱ ነው፤ የምታውቀው ግን እኔ ነኝ» አለች እትዬሽ።

ሦስቱን የሕክምና ካርዶቼን እንደ ካርታ ጨዋታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። የቀን መቁጠሪያውን ዘረጋች። ሰማያዊ ነጥብ ክኒን የዋጥኩበት ነው፤ ቀይ ነጥብ ትንፋሽ ያጠረኝ። መንገድ ላይ የሆነውን ስገባ በወሬ መሃል እየጠየቀች ነው ለካ የምትነጥበው። አሥራ አንድ ቀይ አለ። አሥራ አንዱም ሰማያዊውን ተከትሎ፣ ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ።

ሐኪሟ ወንበሯን ሳበች። «እነዚህን አንድ ላይ ያየ ሐኪም አለ?»

«እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት» አለች እትዬሽ።

በቀጭን መብራት አፍንጫዬ ውስጥ ገብታ አየች። የተላጠ ወይን የመሰሉ እብጠቶች ሞልተውታል፤ ፖሊፕ ይባላሉ አለችኝ። ከአፍንጫ እስከ ሳንባ የተነጠፈው ስስ ሽፋን ተያያዥ ስለሆነ፣ ላይኛው ለዓመታት ሲቆጣ ታችኛውም አብሮ ይቆጣል። ስለዚህ ሳይነሱና አስሙ ሁለት በሽታ ሆነው ሁለት ካርድ ይያዙ እንጂ ጎረቤት ናቸው። ፖሊፕም አስምም ካለባቸው ሰዎች መካከል ደግሞ አስፕሪንና የአስፕሪን ዘመድ የሆኑ ማስታገሻዎች ደረታቸውን የሚዘጉባቸው አሉ። እኔ ከነሱ ነኝ። «ክኒኑ ለብዙ ሰው መድኃኒት ነው፤ ለእርስዎ ግን አይሆንም። ያለኔ ፈቃድ ማስታገሻ እንዳይውጡ» አለችኝ።

ከዚያ «እንቅልፍዎስ? ስሜትዎስ?» ብላ ጠየቀች። ድንቡሼ፣ ባለፈው ዓመት ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኝ ነበር። መሪ ይዤ ዕንባዬ ይመጣል። ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። እትዬሽ አጠገቤ እንደተቀመጠች ተናገርኩት። ሐኪሟ አልገረማትም፤ በደንብ ሳይተነፍስና ሳይተኛ ለኖረ ሰው የሚያጋጥም ነው አለች። እትዬሽ ግን እጄን ይዛ እስክንወጣ አልለቀቀችኝም።

ውጭ ስንወጣ «ነጥቡን እያየሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ገና በስድስተኛው ነግሬህ ነበር። ‹አንቺ ልብስሽን ስፊ› አልከኝ» አለች።

አፈርኩ። ሃያ ሰባት ዓመት መስታወት አይቼ ነድቻለሁ፤ እሷን አላየሁም።

የደበቅኩሽ ስለ ፈተናሽ ነው። ደግሞም ክኒኑን የላክሽው አንቺ ስለሆንሽ። ሌላ የደበቅኩት የለም።
አጎትሽ

—

ግንቦት 1

ለጋሼ፤

ሰላምታ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ደብዳቤዎን ማደሪያው ውስጥ፣ ባቡር ውስጥ ተቀምጬ አነበብኩት። ማጠቢያ ውሃው ክፍት ኖሮ አለቃዬ መጥታ ዘጋችው።

ክኒኑን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥ ቆሜ ትልቁን ፓኬት የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ሥራ ላይ እያለሁ ድንገት ትዝ ይለኝና ያጠብኩትን ባቡር ደግሜ አጥባለሁ። አርባ አንድ ሰውና እርስዎ፤ በእኔ እጅ።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ እርስዎ መንዳት ነበር የምመኘው። አሁን የምመኘው እንደ እርስዎ ማቆም ነው። ለኃላፊው ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩ። ማንም ያላየውን ጠጠር ማን ይናገራል? እትዬንም በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት፤ ካርዶቹን ስትደረድር። ሐኪም ቤት ገብታ ሐኪም ወንበሯን እንድትስብ ያደረገች ልብስ ሰፊ ዘመዴ ናት ብዬ ለማገኘው ሁሉ አወራለሁ።

በሳምንቱ የጤናው ቅጽ ተሰጠን። አንዱ ጥያቄ «ቀን ቀን እንቅልፍ ይጫንዎታል? ያንኮራፋሉ? በአፍንጫዎ መተንፈስ ይቸግርዎታል?» ይላል። አብራኝ የተመዘገበችው ልጅ በክርኗ ነካ አድርጋኝ፣ «ሁሉም ‹አይ› ነው የሚለው፤ አንቺም በይና እንሂድ» አለችኝ። እስክሪብቶዬ ‹አይ› የሚለው ሳጥን ላይ ደርሶ ነበር። «አዎ» ላይ ምልክት አደረግኩ። ሦስቱም ላይ።

ከፈተናው አስወጡኝ። ሐኪም መርምሮ እስኪፈቅድልኝ ድረስ ነው ይላሉ። እሷ አለፈች፤ ከሰኞ ጀምሮ ትሠለጥናለች። እኔ ቦቲዬን አጥልቄ የእሷን ባቡር አጥባለሁ። እንደከፋኝ አልደብቅዎትም። ግን አልጸጸተኝም።
ድንቡሼ

—

ሰኔ 14

ለልጄ፤

እትዬሽም እኔም ዓይናችንን ጨፍነን መረቅንሽ፤ አንድ ላይ ስለጀመርን ምርቃቱ ተደባለቀ፤ ፈጣሪ ይለየው።

መጀመሪያ ስለ ክኒኑ ልናገርና ይዘጋ። የላክሽው ስለለመንኩሽ ነው። ሐኪም ያዘዘልኝን ትቼ የለመንኩትን የዋጥኩ እኔ ነኝ። ቅሬታ ካለሽ ለኔ ጻፊ እንጂ ለራስሽ አትጻፊ።

ግንቦት 12 ቀን ቀዶ ሕክምና አደረጉልኝ። ፖሊፖቹን አወጡ፣ የታፈነውን የሳይነስ በር ከፈቱ። ሐኪሟ ተመልሶ ሊያድግ ስለሚችል ጨርሰናል ብዬ እንዳልዘናጋ ነግራኛለች። ጠዋትና ማታ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አፍንጫዬን አጥባለሁ፤ የታዘዘልኝን እረጫለሁ። እትዬሽ ከጎኔ ቆማ እንደ መኪና አጣቢ ታዘኛለች፦ «ዘንበል በል፤ በዚያ በኩል ይውጣ፤ ጎሽ።»

ሽታ የተመለሰልኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው። እንደዚህ ያለ ቀን አበባ ወይም ትኩስ ዳቦ ሊሸተኝ ይገባ ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳወልቅ አንድ ነገር መጣብኝ። «ምን ሞቶ ነው?» አልኩ። እትዬሽ ማሽኗን አቁማ አየችኝ። «ሸተተህ?» አለች። «ምኑ?» አልኳት። «ካልሲህ ነዋ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረ። አራት ዓመት ሙሉ፣ ድንቡሼ። አራት ዓመት በየቀኑ ስታጥብልኝ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ሰውየው በማይሸተው ነገር ለምን ላሳፍረው ብላ ነው። እኔ ሰው ይዤ ተራራ ወጣሁ ወረድኩ ብዬ ስኩራራ፣ የቤቱ ጀግና ማን እንደሆነ ያወቅኩት በካልሲ ነው።

አንቺም ሳትውይ ሳታድሪ ተመርመሪ። በሽታዬ እንደ አጎቴ ነው ብለሽ የኔን መድኃኒት አትውሰጂ፤ ያንቺ ያንቺ ነው።
አጎትሽ

—

ሐምሌ 22

ለጋሼና ለእትዬ፤

ሁለታችሁንም በአንድ ክንድ አቅፌ እስማችኋለሁ።

ተመረመርኩ። ፖሊፕ የለብኝም፤ አስምም የለብኝም። የአፍንጫዬ አጥንት ጠማማ ነው፤ በዚያ ላይ የማጠቢያው ኬሚካል አለርጂ ቀስቅሶብኛል። መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ከዝጉ ማጠቢያ ቤት አውጥተው ወደ ውጭው የማጠቢያ መስመር ቀየሩኝ። አንድ ጠዋት ተነስቼ የሆነ ነገር ጎደለብኝ፤ ምን ይሆን ብዬ ሳስብ ድካሙ ነው። ክፍል የምትጋራኝ ልጅ «ሞተሩን ሸጥሽው እንዴ?» አለችኝ።

ሐኪሙ ፈቀደ። ሁለተኛው ዙር ላይ ተፈትኜ ትናንት ውጤት ወጣ። አልፌያለሁ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥልጠና እጀምራለሁ። ያቺ «አይ በይ» ያለችኝ ልጅ ትናንት ብቻዬን አግኝታኝ የመረመረኝን ሐኪም ስም ጠየቀችኝ። ጽፌ ሰጠኋት።

ጋሼ፣ ሐኪምዎ መቼ ይፈቅዱልዎታል?
ድንቡሼ

—

መስከረም 6

ለአሽከርካሪዋ ልጄ፤

አዲሱ ዓመት መንገድሽን የቀና፣ ፍሬንሽን የታመነ ያድርግልሽ። ደብዳቤሽን እትዬሽ ለደንበኞቿ እያነበበች ናት፤ ቀሚስ ለመለካት የመጣ ሰው ሳይሰማው አይወጣም።

ሐኪሟ ሦስት ወር ሙሉ እየመላለሰች ደረቴን አስነፋች፣ እንቅልፌን አስለካች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ፈረመችልኝ። ኃላፊው ጋ ይዤ ስገባ ደጋግሞ አነበበው። «መጋዘን ውስጥ ብትቆይ ማንም አይነካህም» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። መሳቢያውን ከፍቶ ቁልፉን ሰጠኝ። ከዚያ አንድ ነገር ነገረኝ። እኔ ከቆምኩ ወዲህ አራት ሹፌሮች በየተራ እየመጡ ያለባቸውን ነግረውታል፤ አንዱ በስኳር ዓይኑ የደከመ ነው። «ሞተር ጋለ ብዬ ብጽፍ ኖሮ አንዳቸውም አይመጡም ነበር» አለ።

ትናንት ወጣሁ። መናኸሪያው ጭቃ ነው፤ ዝናቡ ገና አልለቀቀም። ሠላሳ ስምንት ሰው ተሳፈረ። ትኬት ቆራጯ ቆጥራ ስትጨርስ ሞተር ሳላስነሳ ወደ ተሳፋሪው ዞርኩ። እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።

«እኔ ጥር ላይ መንገድ መካከል ያቆምኩት ሹፌር ነኝ» አልኩ። «አሞኝ ነው። ታክሜያለሁ፤ ሐኪም ፈቅዶልኛል። ዛሬም ቢሆን ደህና ካልሆንኩ አቆማለሁ፤ ብትሰድቡኝም አቆማለሁ። ይህን የማይፈልግ ሰው ካለ ሌላው አውቶቡስ ከኋላችን ነው፤ አሁን ቢወርድ አልቀየምም።»

ማንም አልተነሳም። ፊት ወንበር ላይ ሻርፕ የተከናነቡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ቅርጫታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትኩር ብለው ያዩኛል።

«ጨረስክ ልጄ?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲያው በሩን ዝጋው፤ ብርዱ ገባብን።»

ዘጋሁትና አስነሳሁ።

አጎትሽ